እስከ ሦስት መቁጠር፤ በዩናይትድ ስቴትስ የጦር መሣሪያ የያዘ ደጋጋሚ ወንጀለኛ የሚቀጣበት ሕግ አመጣጥና ጉዞ

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ አጭር ይሁን እንጂ፥ በወንጀል ሕግ ታሪክ ውስጥ ከቶ ያላባራ ክርክር አቅፎ ይዟል። አንድ ሰው ወንጀል ሠርቶ፥ ተፈርዶበትና ቅጣቱን ፈጽሞ ከወጣ በኋላ ያንኑ መንገድ መልሶ ቢይዝ፥ ሁለተኛው ዳኛ ሊፈርድበት የሚገባው በምንድን ነው? በዛሬው ድርጊቱ ብቻ ነውን? ወይስ በዛሬው ድርጊቱና በትናንቱ ልማዱ በአንድነት? በድርጊቱ ብቻ ቢፈርድ ልማዱን እንዳላየ ማለፉ ነው፤ በልማዱ ቢፈርድ ደግሞ አስቀድሞ ዋጋ የተከፈለበትን ጥፋት ዳግመኛ ያስከፍላል ተብሎ ይወቀሳል። ሕግ አውጪዎች በየዘመኑ ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ልዩ ልዩ መንገድ ሞክረዋል።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱ፥ ምናልባትም ብዙ የሚያስተምረው፥ በ1984 ዓ.ም. የዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት ያወጣው የታጠቁ ልማደኛ ወንጀለኞች ሕግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሕጉ ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ በተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው የጦር መሣሪያ ይዞ ቢገኝ፥ ከ15 ዓመት ያላነሰ እሥራት ይፈረድበታል። ዳኛው የሰውዬውን ጠባይ መመርመር፥ የአሁኑን ጥፋት ክብደት መመዘን፥ የቤተሰቡን ሁኔታ ማየት አያስፈልገውም፤ እስከ ሦስት መቁጠር ብቻ ይበቃዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቀላል የመሰለ ቆጠራ እንዴት እንደ ተጀመረና ባለፉት አርባ ዓመታት ወዴት እንዳደረሰ ማሳየት ነው። ከሕግ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው ተብሎ የታሰበው ቆጠራ፥ የአገሪቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እጅግ ካደከሙት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷልና።

ከጥንት የወረደ ሐሳብ

ደጋጋሚ ወንጀለኛን አክብዶ መቅጣት የ1984ቱ ሕግ ፈጠራ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ የሚገኙት ክፍላተ ግዛት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ረዥም ዘመን ይሠሩበት ነበር። ለምሳሌ የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ሦስተኛ ጊዜ የተፈረደበት ወንጀለኛ ዕድሜ ልኩን እንዲታሠር ያዝዝ ነበር። በሌላ ስም ሁለት ጊዜ ታሥሮ የነበረ አንድ ሌባ ማንነቱ በወህኒ ቤት ሳለ ታውቆበት ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት፥ ስለ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተቀጣሁ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1912 ዓ.ም. ክርክሩን አልተቀበለውም። የውሳኔው መሠረት፥ ሰውዬው የሚቀጣው ስለ አሮጌው ጥፋት ሳይሆን ስለ አዲሱ ነው፤ አዲሱም ቀድሞ ከነበረው ልማድ የተነሣ ከብዶ ይታያል የሚል ነው። ይህ መሠረተ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ጸንቶ ይገኛል።

ዳኛው ቅጣቱን ማክበድ ይችላል ከማለት አልፎ ማክበድ አለበት የሚለው አነጋገር ሰፊ ዝና ያገኘው ግን በ1926 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ነው። ኬሌብ ባውምስ የተባሉት የክፍለ ግዛቲቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ባቀረቡት ሕግ መሠረት፥ አራተኛ ጊዜ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይታሠር ነበር። ሌሎችም ክፍላተ ግዛት ይህንኑ ተከተሉ። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ጥፋት አነስተኛ በሆነ ጊዜ ዐቃብያነ ሕግ ክሱን ወደ ቀላል ወንጀል ዝቅ ማድረግን፥ የሕዝብ ዳኞችም ጥፋተኛ ብሎ ከመፍረድ ማመንታትን አመጡ። የኒው ዮርክ ምክር ቤት ራሱ በ1932 ዓ.ም. የሕጉን ግትርነት አላላው። ዳኛው እንዳይመዝን ቢከለከል መመዘኑ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይዛወራል እንጂ እንደማይጠፋ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ትምህርቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘነጋ።

መሣሪያ የተከለከለው ሰው

የታሪካችን ሁለተኛው ምንጭ የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ተራ ወንጀልን የመቅጣት ሥልጣን በመሠረቱ የየክፍለ ግዛቱ ነው፤ ማዕከላዊው መንግሥት ጣልቃ መግባት የሚችለው ሕገ መንግሥቱ በሰጠው በር በኩል ብቻ ነው። ከእነዚህ በሮች ዋናው በክፍላተ ግዛት መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ነው።

በ1938 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ በዚህ በር ገብቶ፥ በኃይል ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው በንግድ የተላለፈ መሣሪያ እንዳይቀበል ከለከለ። መሣሪያው በእጁ መገኘቱ ብቻ ከሌላ ክፍለ ግዛት በሕገ ወጥ መንገድ እንደ ተቀበለው ይቆጠር የሚለውን ድንጋጌ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ዓ.ም. በቶት ጉዳይ ሻረው። በ1961 ዓ.ም. ክልከላው ከኃይል ወንጀለኞች አልፎ ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ወደ ተፈረደባቸው ሁሉ ተስፋፋ።

ከዚያም 1968 ዓ.ም. መጣ። በአፕሪል ወር ማርቲን ሉተር ኪንግ፥ በጁን ወር ሮበርት ኬኔዲ በጥይት ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ሁለት ታላላቅ ሕጎች አወጣ። በመጀመሪያው ሕግ ላይ ሴናተር ራስል ሎንግ ብዙ ክርክር ሳይደረግበት ያስገቡት አንድ ክፍል፥ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መሣሪያ መያዙን ራሱን ወንጀል አደረገው፤ ቅጣቱም እስከ ሁለት ዓመት እሥራት ነበር። በጥድፊያ የተጻፈ ሕግ ነበርና፥ «በንግድ ወይም ንግድን በሚነካ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ማጓጓዝን ብቻ ወይስ መያዝንም ጭምር እንደሚገልጽ ከአጻጻፉ አይታወቅም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ዓ.ም. በባስ ጉዳይ፥ የወንጀል ሕግ ሲያሻማ ለተከሳሹ በሚበጅ አኳኋን ይተረጐማል በማለት፥ መያዝም ቢሆን ከንግድ ጋር መያያዙ መረጋገጥ አለበት አለ። በ1977 ዓ.ም. ግን በስካርቦሮ ጉዳይ፥ መሣሪያው ከዚያ በፊት በሆነ ጊዜ የክፍለ ግዛት ድንበር ተሻግሮ ከነበረ ይህ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ሁለቱንም ውሳኔዎች የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ናቸው። አብዛኛው መሣሪያ ከተሠራበት ክፍለ ግዛት ውጭ የሚሸጥ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ውሳኔ በኋላ በቀድሞ ወንጀለኛ እጅ የተገኘ ሽጉጥ ሁሉ ማለት ይቻላል ለፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በሩ ክፍት ሆነ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለንና።

ከፊላደልፊያ የተነሣው ዕቅድ

በ1972 ዓ.ም. ማርቪን ዎልፍጋንግ የተባሉት የወንጀል ጥናት ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በ1945 ዓ.ም. ተወልደው በፊላደልፊያ ከተማ ያደጉ 9,945 ወንዶች ልጆችን እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ድረስ የተከታተለ ጥናት ነው። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነቀ፤ 627 ብቻ የሆኑት፥ ማለትም ከመቶ ስድስት የሚያህሉት፥ በመላው ቡድን ከተመዘገበው ጥፋት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፈጽመው ተገኝተዋል። ከዚህ በኋላ አንድ ሐሳብ በፖለቲካው ዓለም ሥር ሰደደ። ጥቂቶቹ ተለይተው ቢያዙ ወንጀል በእጅጉ ይቀንሳል የሚል ነበር።

የዚሁ ከተማ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ከ1966 እስከ 1974 ዓ.ም. የሠሩት አርለን ስፔክተር በ1981 ዓ.ም. ሴናተር ሲሆኑ ይህን ሐሳብ ይዘው ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። ስፔክተር ከሥራቸው ያዩት ነገር ነበር፤ ልማደኛ ዘራፊዎችና ቤት ሰርሳሪዎች በየፍርድ ቤቱ ይመላለሳሉ፥ ጉዳያቸውም በተጨናነቀ መዝገብ መካከል በአጭር ቅጣት ያልቃል። የተጎዱት ደግሞ ባብዛኛው መዝጊያቸው ተሰብሮ ሌላ ለመግዛት አቅም ያጡ ድሆች ናቸው። ስለዚህ ያቀረቡት ረቂቅ፥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ ይዞ ሦስተኛ ውንብድና ወይም ሦስተኛ የቤት ሰርሳሪነት ወንጀል ቢፈጽም፥ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሶ በብርቱ እንዲቀጣ የሚል ነበር።

ነገር ግን ረቂቁ በክፍላተ ግዛት ሥልጣን ላይ ይገባል የሚል ተቃውሞ ተነሣበት። ይህን ለማብረድ፥ የፌዴራሉ ክስ የሚቀርበው የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ሲስማማ ነው የሚል ቃል ተጨመረበት። ከሌሎች ድንጋጌዎች ጋር ተያይዞ ለፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የቀረበውን ሕግ ግን ፕሬዚዳንቱ በጃኑዋሪ 1983 ዓ.ም. ሳይፈርሙበት አስቀሩት፤ ከሰጧቸው ምክንያቶችም አንዱ፥ የአካባቢ ሹም የፌዴራልን ክስ ማገድ አይገባውም የሚል ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ውንብድናን የፌዴራል ወንጀል ማድረግ ካስቸገረ፥ ቀድሞውንም የፌዴራል ወንጀል የሆነ አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የቀድሞ ወንጀለኛ መሣሪያ ይዞ መገኘቱ ነው። በስካርቦሮ ጉዳይ የተከፈተው በር እዚህ ላይ ጠቀመ። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት በተደረገው ማሻሻያ፥ የሚቀጣው የአሁኑ ዘረፋ መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ መያዙ ሆነ፤ ዘረፋውና ሰርሳሪነቱ ወደ ቀድሞ ታሪክነት ተዛወሩ። በዚህ አኳኋን፥ በሥራ ላይ ያለውን ወንበዴ ለመያዝ የታሰበው ሕግ፥ በመሳቢያው ሽጉጥ ያለበትን የቀድሞ ወንበዴ የሚይዝ ሆነ። ለውጡ የሥልጣን ክርክርን ለማብረድ የተደረገ ብልሃት ሲሆን፥ ውጤቱ ግን የሕጉን ጠባይ ከሥሩ የቀየረ ነው።

ሕጉ ሲወጣና ሲሰፋ

ሕጉ በኦክቶበር 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ከታወጀው ሰፊ የወንጀል መቆጣጠሪያ ሕግ ጋር ጸደቀ። በውንብድና ወይም በሰርሳሪነት ሦስት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ ይዞ ቢገኝ ከ15 ዓመት ባላነሰ እሥራት ይቀጣል፤ ቅጣቱ አይታገድለትም፥ በአመክሮም አይፈታም ይላል። ሰርሳሪነት ማለት ምን እንደ ሆነም በግልጽ ተተርጉሞ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሕጉ ወደ ፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ሕግ ውስጥ ተዛወረ፤ በኦክቶበር 1986 ዓ.ም. ደግሞ ከአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ጋር በአንድነት በወጣ ማሻሻያ እጅግ ሰፋ። ከእንግዲህ የሚቆጠሩት ውንብድናና ሰርሳሪነት ብቻ መሆናቸው ቀርቶ፥ «የኃይል ወንጀል» እና «ከባድ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል» ሆኑ። የኃይል ወንጀል የተባለውም በሦስት መንገድ ተተረጐመ። አንደኛ፥ በሰው ላይ ኃይል መጠቀምን፥ ለመጠቀም መሞከርን ወይም መዛትን በፍሬ ነገርነት የያዘ ወንጀል፤ ሁለተኛ፥ ሰርሳሪነት፥ ቃጠሎ፥ አስፈራርቶ መቀማትና በፈንጂ የሚፈጸም ወንጀል፤ ሦስተኛ፥ በሌላ ሁኔታ በሰው አካል ላይ ከባድ የጉዳት ሥጋት የሚያደርስ ድርጊት ያለበት ወንጀል። በዚህ ሁሉ መካከል የ1984ቱ የሰርሳሪነት ትርጓሜ ከሕጉ ወጥቶ ቀረ። ለምን እንደ ወጣ የተናገረ የለም፤ በረቂቅ ሥራ ግርግር ሳይታሰብ የጠፋ ሊሆን እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በኋላ ገምቷል።

ሕጉ ለአሮጌ ፍርድ የጊዜ ገደብ አላበጀም። ተከሳሹ በሃያ ዓመቱ የተፈረደበት ነገር በሃምሳ ዓመቱም ይቆጠርበታል። በመካከል ያለፈው የሰላም ዘመን በሚዛኑ ላይ አይወጣም፤ ሚዛን የለምና።

ቃሉን ፍለጋ

ፍርድ ቤቶች መቁጠር ሲጀምሩ ያጋጠማቸው የመጀመሪያው ጥያቄ፥ የሚቆጠረው ምንድን ነው የሚል ነበር። ሰርሳሪነት በሃምሳው ክፍላተ ግዛት ሁሉ አንድ ስም ይኑረው እንጂ ትርጉሙ አንድ አይደለም። ባንዱ ክፍለ ግዛት በሌሊት መኖሪያ ቤት ሰብሮ መግባት ሲሆን፥ በካሊፎርኒያ በቀን ወደ ተከፈተ ሱቅ ለመስረቅ መግባትን፥ ከተቆለፈ መኪና ዕቃ ማውጣትንም ያጠቃልል ነበር። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ድርጊት ፈጽመው፥ አንዱ 15 ዓመት ሲቀጣ ሌላው ሊድን ነው ማለት ነው።

በሜይ 1990 ዓ.ም. በተወሰነው የቴይለር ጉዳይ፥ ከሚዙሪ የመጣ ክርክር ነበር፥ ዳኛ ሃሪ ብላክመን መፍትሔ ያሉትን ጻፉ። ሰርሳሪነት ማለት ወንጀል ለመሥራት አስቦ ያለ ፈቃድ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ ሌላ ግንባታ መግባት ወይም በዚያ መቈየት ነው፤ የክፍለ ግዛቱ ድንጋጌ ከዚህ የሰፋ ከሆነ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ግን፥ ዳኛው ማየት ያለበት ተከሳሹ በእርግጥ ያደረገውን ሳይሆን የተፈረደበትን ድንጋጌ ቃል ነው አሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመን ነገር፥ ምስክሮቹ ከሞቱ ወይም ከተበተኑ በኋላ፥ እንደ አዲስ መመርመር ፍርድን በፍርድ ላይ መደረብ ይሆናል።

ውጤቱ ግን እንግዳ ነበር። መዝገቡ ተከሳሹ ሰው ተኝቶበት ወዳለ ቤት ጠመንጃ ይዞ መግባቱን ቢያሳይም፥ የክፍለ ግዛቱ ድንጋጌ መኪናና ጀልባን ጭምር የሚያጠቃልል ሲሆን ፍርዱ ላይቆጠር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በተወሰነው የማቲስ ጉዳይ፥ የአይዋን ሕግ የተመለከተ ነበር፥ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ አጸና። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በተቃውሞ ሐሳባቸው፥ የመንገድ መሪ መሣሪያ አምና ወደ ብራስልስ ባቡር ጣቢያ ስትነዳ ክሮኤሽያ ዛግሬብ የደረሰችን አንዲት ቤልጂጋዊት አስታወሱ፤ ባልደረቦቻቸውም የተሳሳተ አቅጣጫ እንደያዙ እያዩ አልመለስ ብለዋል ማለታቸው ነበር። በ2021 ዓ.ም. በቦርደን ጉዳይ ደግሞ በቸልተኝነት ብቻ የተፈጸመ ድብደባ እንደ ኃይል ወንጀል አይቆጠርም ተባለ። ዳኛው ከሰው ሚዛን አርፎ የቃላት ሚዛን ይዞ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ሐረግ

ከሁሉ የከፋው ችግር የመጣው «በሌላ ሁኔታ ከባድ የጉዳት ሥጋት የሚያደርስ» ከሚለው ሐረግ ነው። ሥጋቱ ምን ያህል ሲሆን ከባድ ይባላል? የሚለካውስ በየትኛው አፈጻጸም ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 ዓ.ም. በጄምስ ጉዳይ የሰርሳሪነት ሙከራ ይቆጠራል አለ። በ2008 ዓ.ም. በቤጌይ ጉዳይ ጠጥቶ መንዳት አይቆጠርም አለ። በ2009 ዓ.ም. በቼምበርስ ጉዳይ ለእሥራት ሳይቀርቡ መቅረት አይቆጠርም፥ በ2011 ዓ.ም. በሳይክስ ጉዳይ ግን ከፖሊስ በመኪና መሸሽ ይቆጠራል አለ። አራቱም ውሳኔዎች ሐረጉ የሚለካበትን መስፈሪያ በየራሳቸው መንገድ አስቀመጡ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ እየደጋገሙ በተቃውሞ ሲናገሩ ኖረው፥ ሐረጉ ሰው ሊገባው የማይችል ነው ወደሚል አቋም ደረሱ።

በጁን 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በጆንሰን ጉዳይ የስካሊያ ሐሳብ የብዙኃኑ ውሳኔ ሆነ። የተነሣው ጥያቄ በሚኒሶታ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ መያዝ የኃይል ወንጀል ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ወደዚያ ሳይገባ፥ ሐረጉ ራሱ ለዜጋው ማስጠንቀቂያ ለዳኛውም መመሪያ ስለማይሰጥ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው። በሚቀጥለው ዓመት በዌልች ጉዳይ ውሳኔው ቀድሞ የተፈረደባቸውንም እንዲጠቅም ተደረገ። በሐረጉ ምክንያት ከ15 ዓመት በላይ የተፈረደባቸው ብዙ እሥረኞች አቤቱታ አቀረቡ፤ በርከት ያሉትም ተፈቱ ወይም ቅጣታቸው ተቀነሰ። ሐረጉ በሥራ ላይ የዋለው ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ነበር። በዚህ ዘመን ማንም ትርጉሙን በማያውቀው ቃል ሰዎች በወህኒ ሸብተዋል።

ምሽቱ አንድ፥ በሩ አሥር

የሚቆጠረው ነገር ቢታወቅ እንኳ ሁለተኛ ጥያቄ ይቀራል፤ አንድ የሚባለው የት ጀምሮ የት ያበቃል? ይህ ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው ተነሥቶ ነበር። በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ስድስት ሰዎችን የዘረፈ ተከሳሽ ስድስት ጊዜ እንደ ተፈረደበት ተቆጥሮ ነበር። መንግሥት ራሱ ይህ ስሕተት መሆኑን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አመነ፤ ምክር ቤቱም በ1988 ዓ.ም. ሦስቱ ጥፋቶች «በተለያዩ አጋጣሚዎች» የተፈጸሙ መሆን አለባቸው የሚል ቃል ጨመረ። የተለያየ አጋጣሚ ማለት ምን እንደ ሆነ ግን አልተነገረም።

ለዚህ መልስ እስኪሰጥ ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀ። በ1997 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍለ ግዛት አንድ ሰው ከግብረ አበሮቹ ጋር የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሎች ወደሚከራዩበት አንድ ሕንፃ ገባ፤ በአንድ ምሽት ከክፍል ወደ ክፍል ግድግዳ እየሰበሩ አሥር ክፍሎችን ዘረፉ። በአንድ የክስ ማመልከቻ ተከሰሰ፥ አመነም፤ ለአሥሩም ክሶች በአንድነት የሚታሠር ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፥ በ2014 ዓ.ም. በአንድ ብርዳማ የኅዳር ጧት፥ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ በሩን አንኳኩቶ ብርዱን ሸሽቶ ለመግባት ፈቃድ ጠየቀው። ሰውዬው አስገባው፤ ፖሊሱም በቤቱ ጠመንጃ አየ። እንደ ተራ ጥፋት ቢታይ ከሦስት ዓመት ያነሰ እሥራት ይጠብቀው ነበር፤ ነገር ግን የዚያ አንድ ምሽት አሥር ክፍሎች እንደ አሥር አጋጣሚ ተቆጥረው ወደ አሥራ ስድስት ዓመት የሚጠጋ፥ ማለትም 188 ወር፥ ተፈረደበት።

በማርች 2022 ዓ.ም. በዉደን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። ዳኛ ኤሌና ኬገን እንደ ጻፉት፥ አጋጣሚ የሚለው ቃል ተራ ሰው በሚረዳው መንገድ ሊታይ ይገባል፤ ጊዜው፥ ቦታው፥ የድርጊቶቹም ግንኙነት ተመርምሮ ይታወቃል። ልብ ይሏል፤ ጊዜን፥ ቦታንና ግንኙነትን መመርመር መቁጠር አይደለም። መመዘን ነው። ሚዛኑ በፊት በር ቢባረርም በኋላ በር ተመልሶ ገባ።

ከዚያስ የሚመዝነው ማን ነው? በጁን 21 ቀን 2024 ዓ.ም. በኤርሊንገር ጉዳይ መልሱ ተሰጠ። ቅጣትን ከተራው ጣራ በላይ የሚያደርስ ፍሬ ነገር ሁሉ በሕዝብ ዳኞች ፊት ከጥርጣሬ በራቀ ማስረጃ ይረጋገጥ የሚለው የ2000 ዓ.ም. የአፕሬንዲ ውሳኔ መሠረት ሆኖ፥ ዳኛ ኒል ጎርሰች ለስድስቱ ዳኞች ሲጽፉ፥ አጋጣሚዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን መወሰን ያለበት ብቻውን የተቀመጠው ዳኛ ሳይሆን በአንድ ድምፅ የሚወስነው የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ነው አሉ። በዚህ ጉዳይ የተቆጠሩት ሰርሳሪነቶች የተፈጸሙት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነበር።

ሚዛኑና ቁጥሩ

በዚህ ታሪክ ላይ ስንፈርድ ለሕጉ አሳቢዎች ፍትሕ መንፈግ አይገባም። ያዩት ሥቃይ እውነተኛ ነበር። የፌዴራሉ የቅጣት አወሳሰን ኮሚሽን በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት፥ በዚህ ሕግ የሚፈረድባቸው ከፌዴራል ተከሳሾች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ አብዛኞቹም ከባድ የወንጀል ታሪክ ያላቸው ናቸው። ከተፈቱትም መካከል በስምንት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደገና ተይዘው ተገኝተዋል። ሕጉ የተሟላውን ግዴታ ሲያስከትል አማካይ ቅጣቱ 206 ወር፥ ማለትም ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ነው። እነዚህን አኃዞች ሕጉን የሚደግፈውም የሚነቅፈውም ሰው ሊጠቅሳቸው ይችላል፤ አንዱ አደገኞቹ እነሆ ተያዙ ሲል፥ ሌላው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ አልተመለሱምና ረዥሙ እሥራት ምን ፈየደ ይላል።

ጸሐፊው የሚያመለክተው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2022 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ የያዘ ተራ የቀድሞ ወንጀለኛ የሚቀጣበት ከፍተኛ ጣራ ከ10 ወደ 15 ዓመት ከፍ ብሏል። እንግዲህ ለተራው ጥፋተኛ የመጨረሻው ቅጣት የሆነው፥ ሦስት ለተቆጠረበት የመጀመሪያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የአንድ ሰው የጕልምስና ዘመን ያህል ሊሰፋ ይችላል። ይህን መስመር የሚያሰምረውም የሰውዬው አደገኛነት ሳይሆን፥ ብዙ ጊዜ፥ የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ የክፍለ ግዛት ረቂቅ ጸሐፊ «ሕንፃ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ጀልባ» ብሎ መጨመሩ ወይም አለመጨመሩ ነው። አደገኛው በአንዲት ቃል ሲያመልጥ፥ ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሰው በሌላዪቱ ይያዛል። ለሕጉ የመጀመሪያዎቹ አሳቢዎችም ለተቃዋሚዎቻቸውም የሚያስደስት ውጤት አይደለም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በአገራችን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፥ ደጋጋሚነትን ቅጣት ማክበጃ አድርገው በጠቅላላው ክፍል አስፍረውታል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ፥ ይህም በአገራችን አቆጣጠር ነው፥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ በማውጣቱ፥ ዳኞቻችን ከደረጃና ከሠንጠረዥ ጋር ተዋውቀዋል። ተመሳሳይ ጉዳይ ተመሳሳይ ቅጣት እንዲያገኝ መጣር የተገባ ነው፤ ሠንጠረዥም ለዚህ ይረዳል። ቁጥር ግን ለፍርድ መነሻ እንጂ ምትክ ሊሆን እንደማይችል የዩናይትድ ስቴትስ የአርባ ዓመት ልምድ ያስተምራል።

ምክር ቤቱ በ1984 ዓ.ም. ዳኞችን ከመመዘን ሸክም ለማሳረፍ አስቦ ነበር። ዳኞቹ ግን አላረፉም፤ በመዛኝነት ፈንታ መዝገበ ቃላት ገላጮች ሆኑ። በመጨረሻም ሚዛኑ፥ በዉደን ጉዳይ ወደ ዳኛው፥ በኤርሊንገር ጉዳይም ወደ አሥራ ሁለቱ የሕዝብ ዳኞች እጅ፥ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እነዚያ አሥራ ሁለቱ በአዳራሹ ተቀምጠው የሚጠየቁት እስከ ሦስት እንዲቈጥሩ አይደለም። አንድ የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንዲናገሩ ነው።